ከድሬዳዋ ሆኜ በላባ መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ እንዴት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አጎቴ ለብዙ ዓመታት ከኖረበት ውጭ አገር ሲመለስ አራት ቦታ የሚፈታ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አመጣልኝ። ሲገጣጠም 2.7 ሜትር ይረዝማል፤ እጀታው አጠገብ 5 ቁጥር ተጽፎበታል። እንደነገረኝ ከሆነ የሚጠመድበት በትል ወይም በሊጥ ሳይሆን ከላባ በተሠራ ዝንብ መሳይ መንጠቆ ነው። ማጠንጠኛው ባዶ ስለነበረ ከገበያ ቀጭን የናይሎን ክር ገዝቼ ጠቀለልኩበት፤ ከዚያም ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ከተማችንን በሚያቋርጠው በደረቁ የደጫቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እየወረድኩ መለማመድ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክንዴ እስኪዝል ብወረውርም ላባዋ ከሦስት ሜትር አታልፍም፤ እግሬ ሥር ትወድቃለች። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ የት ሄጄ ላጥምድ? አጎቴ አሁን ታምሟል፤ ደጋግሜ ላደክመው አልፈልግም። አንድ ዓሣ ይዤ ፎቶግራፉን ባሳየው ግን ትልቅ ደስታ ይሆንልኛል።

መልስ፦ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ክንድህን አትውቀሰው፤ ጥፋቱ የክሩ ነው። እኛ በለመድነው አጠማመድ የሚወረወረው ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው፤ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። በላባ ሲጠመድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላባዋ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው፤ ላባዋ ትከተለዋለች። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ክር ወፍራምና በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ዘንግህ ላይ ያየኸው 5 ቁጥር የሚነግርህም የክሩን ክብደት ነው፤ የ5 ቁጥር ክር ከጫፉ ያለው 9 ሜትር 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ክብደት ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠው ዘንግ ሲቃና ክሩን ይወነጭፈዋል። በናይሎን ግን ዘንጉ የሚጎብጥበት ምክንያት የለውም፤ ዓመት ብትለማመድም ውጤቱ ያው ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ማሸጊያው ላይ «ደብሊው ኤፍ 5 ኤፍ» የሚል ክር ይግዛልህ። ጫፉ አካባቢ ከበድ ያለና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ማለት ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ላባዋ እየቀጠነ የሚሄድ 2.7 ሜትር ያህል ናይሎን ይታሰራል፤ ዓሣው ወፍራሙን ክር አይቶ እንዳይሸሽ ነው። ናይሎን ስትቋጥር ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይሞቅና ይደክማል፤ ዓሣ የሚያመልጠውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ተበጥሶ ነው።

መልስ፦ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ስለ ደጫቱ ልናገር። አዲሱ ክር ሲመጣ አሸዋ ላይ አትጎትተው፤ ልባጡን ይፈገፍገዋል። ከሁሉ በላይ ግን ክረምት ላይ እዚያ አትውረድ። እኛ ላይ ፀሐይ እየወጣ፣ ዝናቡ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ሰፈራችን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የኳስ ሜዳ ሣር ላይ ተለማመድ፤ በመንጠቆው ፋንታ ቁራጭ የሱፍ ክር እሰር። መነጽርና ባርኔጣም አድርግ፤ ነፋስ የመለሰው መንጠቆ ዓይን ያጠፋል።

መልስ፦ ከጁገል፣ ሐረር

እኔ ላባዎቹን ራሴ እሠራለሁ፤ የሚያስፈልገው ሁሉ እኛው ዘንድ ስላለ ለላባ ብለህ ውጭ አገር አትላክ። ዶሮ በታረደ ቁጥር የአንገቱን ላባ አስቀምጥ። የአውራ ዶሮ ላባ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ይሆናል፤ የሴቷ ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደ ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል። ጀማሪ በሴቷ ይጀምር፤ ብዙ ይቅር ትላለች። ቀጭን ክር እዚህ መኪና ግርግር ካሉ ልብስ ሰፊዎች አገኛለሁ። ትንሽ መንጠቆ በፒንሳ ያዝና አካሉን በክር ጠምጥም፤ ከመንጠቆው ዓይን፣ ማለትም ክር ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ላባውን ሁለት ወይም ሦስት ዙር አዙረህ እሰር፤ ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርግበት። ላባ አታብዛ። የመጀመሪያዎቹ የእኔ ሥራዎች ጫጩት ይመስሉ ነበር፤ ዓሣ የሚወደው ሳሳ ያለውን ነው።

ጠያቂው በድጋሚ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሩ በዘመድ እጅ መጣልኝ፤ የመጀመሪያው ቀን ስምንት ሜትር ሲሄድ በደስታ ጮኽኩ! አሁን ግን ወደ ፊት ስወረውር እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ የሱፏን ቁራጭ ሁለት ጊዜ በጥሶ ጣላት። ጋሼ፣ ይህ ደግሞ ከምን ይመጣል?

መልስ፦ ከአዳማ

ጅራፉ የጮኸው ክሩ ከኋላህ ሳይዘረጋ ስለቸኮልክ ነው። የግድግዳ ሰዓት ከጎንህ እንዳለ አስብ፦ ዘንጉ ፊት ለፊት 10 ቁጥር ላይ፣ ከኋላ 1 ቁጥር ላይ ይቁም፤ ከዚያ አያልፍም። ኋላ ስታቆመው ጠብቅ። አንገትህን አዙረህ ክሩ ቀጥ ሲል በዓይንህ እየው፤ ያኔ ወደ ፊት። ክሩ በረዘመ ቁጥር ጥበቃውም ይረዝማል። እኔን ይህ ጥበቃ ብቻ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ ጉልበት ጨምሬ ላሸንፈው ስሞክር ነበር የቆየሁት።

ቦታን በተመለከተ፣ ቅርብህ አዋሽ ቢሆንም አልመክርህም። ውኃው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ላባ ደግሞ የሚያሳስተው በዓይኑ የሚያድን ዓሣን ነው። አምባዛ የሚያድነው በማሽተትና በመንካት ስለሆነ አያያትም። አዞም አለ። መሄድ ያለብህ ባሌ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ የባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ተለቋል፤ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውኃ ስለሚፈልግ እዚያ ተስማምቶታል። ዌብና ዳንካ ወንዞችን ጠይቅ። በባቡር አዳማ ድረስ ና፤ ከዚያ በአሰላና በዶዶላ አድርገህ ዲንሾ ትገባለህ። እዚያ ያለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ቀርበህ ስለ ፈቃዱ ሳትጠይቅ ዘንግ አታውጣ። የመንጠቆህን የኋሊት እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው፤ የማትበላውን ዓሣ ሳትጎዳ ትመልሰዋለህ፤ ጣትህንም ቢወጋህ በቀላሉ ይወጣል።

ጠያቂው፦

መቼ ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ከአዳማ

ከኅዳር እስከ ጥር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው ይጠራል። ነገር ግን ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ሌሊቱን አይችለውምና ወፍራም ካፖርትና ጓንት ያዝ። አዳማ ስትደርስ ንገረኝ፤ አንድ ቀን ሜዳ ላይ አብረን ወርውረን እንሸኝሃለን። አጎትህንም ይማርልህ።