ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) በር ላይ ወረቀት ጥሎብኝ ሄደ፣ ምን ላድርግ? (የካውንስል ታክስ ዕዳ)

ማለዳ ፈረቃ (ለንደን)፣ ኦክቶበር 24፣ 2023

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ከተዘበራረቀ ይቅርታ። የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) 1,380 ፓውንድ አለብኝ። ባለቤቴ አምና ከቤት ከወጣ ወዲህ በአንድ ደሞዝ ኪራይም፣ መብራትም፣ የልጅም ወጪ ስሸፍን ታክሱን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ደብዳቤዎቹንም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሾቹን ሳልከፍት ነው መሳቢያ ውስጥ የከተትኳቸው። ባለፈው ከቤይሊፍ ድርጅት የመጣው 75 ፓውንድ ተጨምሮበት 1,455 ይላል። ዛሬ ጠዋት 7:00 ላይ በሩ ተደበደበ። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ «ማሚ ማነው?» እያለ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። አልከፈትኩም። ሰውዬው ሲሄድ ወረቀት ጥሏል፣ ዕዳው 1,690 ሆኗል። 235 ፓውንድ እኮ ነው፣ ለአንድ በር ማንኳኳት! ነገ ካልከፈልኩ ቁልፍ ሰሪ ይዤ እመጣለሁ ብሎ በእጁ ጽፎበታል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው።

እውነት በሩን ሰብሮ ይገባል? መኪናዬንስ? አሮጌ ያሪስ ናት፣ ግን የኬር ሥራ ስለምሠራ ከአንዱ አዛውንት ቤት ወደ ሌላው የምሮጠው በእሷ ነው። ጓደኛዬ እቁብሽን አስቀድመሽ ውሰጂና ተገላገይ ትለኛለች። እስር ቤትም አለው ያለኝ ሰው አለ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደምተኛ እንጃ።

ሌሊት ነጂ

አይዞሽ እህቴ። አለመክፈትሽ ጥሩ አድርገሻል። እኔ በ2022 ከሌሊት ሥራ ገብቼ ዓይኔ ሳይገለጥ በሩን ከፈትኩለት። ሰውዬው ደግሞ ሲያናግር ጨዋ፣ ዝናብም ነበር፣ እኛ መቼም እንግዳ በር ላይ አናቆምም፣ ግባ አልኩት። ሳሎን ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥኑን፣ ሶፋውን፣ የልጆቹን ፕሌይስቴሽን እየመዘገበ «ይህቺን ብቻ ፈርምልኝ፣ በየወሩ ትከፍላለህ» አለኝ። ፈረምኩ። ያቺ ፊርማ ናት ጉዱ! ሦስተኛውን ወር ሳልከፍል ስቀር የተመዘገበውን ዕቃ ለመውሰድ በር አስከፍተው መግባት እንደሚችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ከመጀመሪያው ባላስገባው ኖሮ ይህ መብት አይኖራቸውም ነበር። መጨረሻ ላይ ከሰው ተበድሬ ከፈልኩ፣ የተበደርኩትን ገና እየመለስኩ ነው።

ዝምተኛው (በርሚንግሃም)

ዝም በያቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፣ ካልከፈትሽ ሰልችቷቸው ዕዳውን ለካውንስሉ ይመልሱታል። እኔ እንደዚያ ነው የሆነልኝ።

ሻይ በሎሚ

ዝምተኛው ወንድሜ፣ ለአንተ ተሳክቶ ይሆናል፣ ግን ለሰው አትምከር። ካውንስሉ ዕዳው ሲመለስለት አይረሳውም። ከደሞዝ ወይም ከቤኔፊት (ከመንግሥት ድጎማ) ያስቆርጣል።

ማለዳ ፈረቃ፣ እኔ ዕዳ ላለባቸው ሰዎች ምክር የሚሰጥ ቦታ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ፤ ይሄን ጉዳይ በየሳምንቱ ነው የማየው። መጀመሪያ በሩን እንጨርስ። ለካውንስል ታክስ ዕዳ ከዚህ በፊት ገብቶ ዕቃ ያልመዘገበ ቤይሊፍ በር መስበርም፣ ገፍቶሽ መግባትም፣ በመስኮት መዝለልም አይችልም። ያ የቁልፍ ሰሪ ጽሑፍ ማስፈራሪያ ነው፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሺና አስቀምጪ፣ ለአቤቱታ ይሆናል። ግን ልብ በይ፦ ያልተቆለፈ በር ካገኘ ከፍቶ መግባት ይችላል። ስለዚህ ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወጪም ቆልፊ። ከጠዋቱ 6 ኤኤም እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ ማለቴ እስከ 9 ፒኤም (ይሄ የሰዓት ነገር!) መምጣት ስለሚፈቀድለት የዛሬው ሰዓት ሕገ ወጥ አይደለም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ቤት ካለ መግባት የለበትም። ማናገር ከፈለግሽ በደብዳቤ ማስገቢያው ወይም በስልክ ይበቃል።

የሚያሳስበው ግን መኪናሽ ናት፣ ውጭ ስላለች። ለሥራሽ የግድ የሚያስፈልጉሽ ነገሮች በድምሩ ከ1,350 ፓውንድ የማይበልጡ ከሆነ አይወሰዱም። አሮጌ ያሪስ እዚያ ውስጥ ትገባ ይሆናል፣ ዋጋዋን የሚያሳይ ነገር ያዢ፣ ከአሠሪሽም ደብዳቤ አጽፊ። እስከዚያው ከቤትሽ ራቅ አድርገሽ አቁሚያት። ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ አልጋችሁ፣ እነዚህን አይነኩም።

እስር ያልሽው ነገር እንግሊዝ ውስጥ በሕጉ ላይ አለ፣ እስከ 3 ወር። ግን ቤይሊፍ አያስርም። ፍርድ ቤት ጠርቶሽ፣ አቅም እያላት ሆን ብላ ነው ያልከፈለችው ወይም በጥፋቷ ነው ካላለ በስተቀር የለም። አንቺ እዚያ አጠገብም አይደለሽም።

አሁን ዋናው። ነገ ጠዋት ስቴፕቼንጅ ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስ (የዕዳ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው) ደውዪና ብሪዚንግ ስፔስ (የዕዳ ፋታ) እፈልጋለሁ በይ። በነፃ ነው። ከሜይ 2021 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፣ ከተፈቀደልሽ 60 ቀን ቤይሊፉ ይቆማል። የዘንድሮውን ታክስ ግን በየወሩ መክፈል አለብሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ሌላው ደግሞ፣ ባልሽ ከወጣ በኋላ ለካውንስሉ ነግረሻል? ብቻዋን የምትኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስላታል! ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወደኋላ አስልተው እንዲቀንሱልሽ ጠይቂ። ገቢሽ ዝቅ ያለ ከሆነም ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን አመልክቺ። አብራችሁ በኖራችሁበት ጊዜ ለነበረው ዕዳ እሱም እኩል ተጠያቂ ነው። እቁቡን አትንኪ፤ መጀመሪያ ትክክለኛው ዕዳ ስንት እንደሆነ ይታወቅ።

ማለዳ ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ስለ 25 በመቶው ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ የባሌ ስም እስካሁን በቢሉ ላይ አለ። እህቴ ግን አንዳንድ ቀን እኔ ጋ ታድራለች፣ ያበላሽብኛል?

ሻይ በሎሚ

የራሷ ቤት ካላት ማደሯ ችግር የለውም። ጠቅልላ ከገባች ነው ቅናሹ የሚቀረው።

ማለዳ ፈረቃ (ኦክቶበር 27)

ደወልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ አንዲት ጥሩ ልጅ አገኘችኝ፣ ብሪዚንግ ስፔሱን እያስገባችልኝ ነው። ካውንስሉ ባሌ የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ላኪ አለኝ፣ አዲሱን የኪራይ ውል ፎቶ እንዲልክልኝ ጽፌለታለሁ፣ አይቶታል፣ አልመለሰም። ያሪሷ የሌሊት ነጂ ሰፈር አካባቢ ናት፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ለሥራ በሁለት አውቶቡስ እየመጣሁ ነው የማወጣት። መሳቢያውንም ከፈትኩት። አስራ አንድ ደብዳቤ።