ደሴ ላይ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን፤ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ምን ይሻለኛል?

ባለ ቪትዙ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር መጨረሻ የእህቴ ልጅ ወልድያ ላይ ታገባለች። ሠርጉ እሑድ ነው። እኛ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ በመኪና እንነሳለን። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ እና እናቴ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። አትሳቁ።

በአንድ ቀን ወልድያ መግባት አልፈልግም። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ትንሹ ደግሞ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ያስመልሰዋል። ስለዚህ ደሴ አድረን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ለመቀጠል አስበናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ የተማረችው ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አልተመለሰችም። አፍ አውጥታ ውሰዱኝ አላለችም። ግን ደሴ እናድራለን ካልኳት ጀምሮ ያንኑ ነጠላ ሁለቴ አጥባ አስጥታዋለች።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ደሴ ማደር ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ? በግማሽ ቀን ልጆቹም እሷም የማይሰለቹት ምን አለ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገትስ ቪትዝ አምስት ሰውና የሠርግ ሻንጣ ይዛ ትወጣዋለች?

ጭነት አመላላሹ

ወንድሜ፣ እኔ በዚህ መስመር ስመላለስ 11 ዓመቴ ነው። ሐረጎን ተወው፤ ቪትዝህ ቀስ እያለች ትወጣዋለች። ኤሲውን አጥፋ፣ ከኋላህ የሚጮኸውን ተሳቢ አሳልፈው፣ አለቀ። እኔ የምፈራልህ መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ነው። እሱ ደግሞ ከሐረጎ በፊት ጣርማ በር ላይ ይጠብቅሃል።

ደብረ ብርሃንን አልፈህ ትንሽ እንደሄድክ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ትገባለህ። መብራት አብራ፣ የፀሐይ መነጽር ካደረግክ አውልቅ። ጭጋግ ካለ ከፊትህ ያለውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው የምታየው። ከዋሻው ከወጣህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስተህ፣ በደብረ ሲና አድርገህ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህ። የልጆቹ ጆሮ ይደፈናል፤ ማስቲካ ያዝላቸው።

እዚህ ላይ ፍሬን ላይ ተኝተህ እንዳትወርድ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ አውጥተህ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አስገባት፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ፍሬን ስትይዝ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ። አንዳች የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ የራስህ የፍሬን ሸራ ነው፤ ከሌላ መኪና ነው ብለህ አትለፍ። ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ግማሽ ሰዓት አብርደው። ውሃ እንዳትደፋበት! የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ይጣመማል። ይህን የማያውቅ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ።

ንጋት 11 ሰዓት ተነስ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየቆማችሁ ብትሄዱም 10 ሰዓት አካባቢ ትገባላችሁ። በዋዜማው ደግሞ እዚያ ላለ ሰው ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ። ከጨለመ በኋላ አትንዳ። ሐረጎንም በማታ አትሞክረው።

የጢጣው

አብሽር ወንድሜ! ደሴ እደር። ማታ ፒያሳ ወጥታችሁ ሻይ ጠጡ፣ ልጆቹ የጦሳን ተራራ ከታች ወደ ላይ ይዩት። ደሴ ጦሳ ሥር ተዘርግታ የተኛች ከተማ ናት፤ ከተማዋን ማየት ማለት አንዱን መንገድ ይዞ መሄድ ማለት ነው። ጠዋት ግን መኪናህን አትንካት፣ ሆቴል አቁማት። በዚያች ጠባብ መንገድ የጭነት መኪናው፣ ታክሲውና ባጃጁ ሲጋፋ ፓርኪንግ ፍለጋ ግማሽ ቀንህ ያልቃል። ባጃጅ ያዙ። እናትህንም እስከ ደጅ ያደርሳቸዋል።

ብርዱን ግን አልዋሽህም። ጥር ላይ ማታ ማታ ይቆረጥማል። ጋቢ ያዙላቸው።

የኮምቦልቻዋ

የጢጣው ለሰፈሩ ነው የሚያደላው! እኔም ላድላ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ላይ። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ነው ያለው፤ አየሩ ግን የሁለት አገር ነው። ጉልበት የሚያማት እናት እኮ ናት! ኮምቦልቻ በሹራብ ብቻ ውጭ ተቀምጠው ራት ይበላሉ። ጠዋት ሐረጎን በብርሃን ትወጣላችሁ፤ ልጁም ሆዱ ባዶ ሆኖ ስለሚሆን አያስመልሰውም። እኛ ልጆች እያለን እናታችን ሐረጎ ላይ ሎሚ ታሸትተን ነበር። ሠርቶልኛል።

ባለ ቪትዙ

ሁለታችሁም አሳመናችሁኝ፤ ይሄ ደግሞ ምንም አይጠቅመኝም። የ9 ዓመቱ ልጄ “ታሪክ” የሚል ቃል ሲሰማ የሚያዛጋ ነው። ለእሱስ?

የድሮ ተማሪ

ልጄ፣ እኔም የስኂን ልጅ ነኝ። እናትህን ምናልባት አውቃቸው ይሆናል፤ ስም ግን እዚህ አትጻፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሰዳቸው፤ ግቢው ጭር ይላል። መታወቂያ ያዝ። ጥበቃውን ቀስ ብለህ አናግረው፤ አንተ ሳትሆን እሳቸው ራሳቸው ይንገሩት። የወሎ ሰው እናት ደጅ ላይ አቁሞ አያስከፋም። ባያስገባችሁ እንኳ ደጁን ማየት ይበቃል። እና እባክህ አታጣድፋቸው። እኔን ልጄ በወሰደኝ ጊዜ መኪናውን ሳያጠፋ ነበር የሚጠብቀኝ። ሞተሩ እየጮኸ ምን ትዝ ይላል?

ልጅህን ደግሞ ይህን ጠይቀው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመባቸው ወይዘሮ ስኂን የማን እናት ናቸው? የእቴጌ መነን። የማንስ ልጅ? አይጠየፍ የሚባለውን አዳራሽ ያሠሩት የንጉሥ ሚካኤል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ተነስታችሁ አይጠየፍ ስትሄዱ ከልጅየዋ ወደ አባትየው ቤት ሄዳችሁ ማለት ነው። አያቱ ይንገሩት፤ ከአስጎብኚ ይበልጣሉ።

አምባሰል

እትዬ ያሉት ላይ ልቀጥል። አይጠየፍ የግብር አዳራሽ ነው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል፦ ሀብታም ደሃ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ለልጅህ ይህን ሁሉ አትንገረው። “እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሠርግ የሚያህል ሕዝብ ባንዴ ይበላ ነበር” በለው። እሑድ ሠርግ ሄዶ ሲጋፋ ራሱ ያስታውሰዋል።

የደሴ ሙዚየምን በተመለከተ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል። ስለዚህ ክፍት መሆኑን ሆቴሉ ደውሎ ይጠይቅላችሁ፤ ሳትጠይቁ ዳገት አትውጡ።

አሁንም ካዛጋ የአውሮፕላኑን ንገረው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የተነሱት ፎቶ አለ። ስልክህ ላይ አውጥተህ እዚያው ቆመህ አሳየው። የእኔ ልጅ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሰማዩን እያየ ነበር የሚሄደው።

ወደ ወልድያ ስትሄዱ ደግሞ ሐይቅን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ፣ ውጫሌን ታገኛላችሁ። የምኒልክና የጣሊያን የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17ን ለ9 ዓመት ልጅ ማስረዳት ከምታስበው በላይ ይቀላል። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ አደረገው። “ወንድምህ ብስክሌቴን መጠቀም ትችላለህ ብሎህ ወረቀቱ ላይ ግን የእኔን ብቻ ነው የምትነዳው ብሎ ቢጽፍስ?” በለው። አድዋ ለምን እንደተዘመተ በዚያው ገባው ማለት ነው።

መንገደኛ

ግሸንንም ጨምሩ እንጂ! ወሎ ሄዶ ግሸን ሳይወጡ?

የጢጣው

ኧረ ተው! በግማሽ ቀን? በጉልበት ሕመም? በቪትዝ? ግሸን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ በመስከረም 21 ይምጡና በወጉ ይሳለሙ።

ሐይቅ ግን ከመንገዳችሁ አይርቅም፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ምሳችሁን እዚያ ብሉ። ቆሮሶ ጠብሰው ከነአጥንቱ ያመጡላችኋል፤ ለትንሹ ልጅ አጥንቱን አንተ ልቀምለት። እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የነበረ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ሴት ግን አይገባም። ስለዚህ እናትህንና ባለቤትህን ጥላችሁ ከምትገቡ፣ ሁላችሁም ውሃው ዳር ብትቀመጡ ይሻላል። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው።

መርሳ ላይ ፍራፍሬ ግዙ። ሠርግ ቤት ባዶ እጅ አይገባም።

ባለ ቪትዙ (ከሠርጉ በኋላ፣ ሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ወልድያ)

ደርሰናል። ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ንጋት 11 ሰዓት ተብሎ 2 ሰዓት ተነሳን። ሽሮ ለመንገድ የሚይዝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ይዛለች። ጣርማ በርን በሰላም ወረድኩ ብዬ ስኩራራ ደብረ ሲና አጠገብ ሸተተኝ። ባለቤቴ “ከፊታችን ካለው መኪና ነው” አለች፤ እኔም ልስማማ ነበር። ከዚያ የጭነት አመላላሹ ቃል ትዝ አለኝና ቆምኩ። የፊት ግራው ጎማ እጅ አያስጠጋም። አርባ ደቂቃ ቆምን። ትንሹ ልጄ ውሃ በኮዳ ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ ለጥቂት ያዝኩት። ሽሮው ያኔ ተበላ፤ ከእንግዲህ አልስቅበትም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ 12 ሰዓት ተኩል ሆኖ እየጨለመ ነበር። ሐረጎን በማታ አትሞክረው ተብያለሁ፤ እዚያው አደርን። የኮምቦልቻዋ፣ አሸንፈሻል። ያረፍንበት ቤት “ሙቅ ውሃ አለ” ተብሎ ውሃው በጄሪካን መጣ፤ ሙቅ መሆኑን ግን አልክድም። እናቴ ውጭ ተቀምጣ ቡና ጠጣች።

ጠዋት ሐረጎን ወጣን። ሎሚው ሠራ።

ስኂን ደጃፍ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉት እሷው ተናገረች። ጥበቃው ወጣት ነው። የተማረችበትን ዓመት ስትነግረው “አባቴም ያኔ ገና አልተወለደም” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ገብቶ ወንበር አመጣላት። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጠች። ምንም አላወራችም። ልጆቹ ዙሪያዋን ይሯሯጡ ነበር። ስትነሳ አንዱን ሕንፃ እያሳየች “ያኔ ትልቅ ነበር” አለችኝ። ሌላ ምንም።

አይጠየፍን ከውጭ አየን። ልጄ “ስንት በግ ይበቃዋል?” አለ። ሙዚየሙን ሳናየው ቀረን፤ ሰዓት አልበቃንም፤ አይቆጨኝም። ሐይቅ ላይ ዓሣ በላን። ውጫሌ ላይ የብስክሌቱን ነገር ነገርኩት፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ዝም ብሎ ቆየና “ታዲያ ለምን ሁለቱንም ወረቀት አላነበቡትም?” አለኝ። አምባሰል፣ መልሱን አንተ ላክ።

ሸራውን ዛሬ ማለዳ እዚሁ አስቀይረዋለሁ።

የኮምቦልቻዋ

እንዳልኩህ! ዛሬ ሰኞ ነዋ የምትመለሱት? እንግዲያው ባቲ ግቡ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገበያው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይመጣል። ሸራው እንዳለቀ በማለዳ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ይበተናል። ከዚያ አዲስ አበባ አትደርሱም፤ ማታ ኮምቦልቻ እደሩ። ለሰፈሬ ማድላቴ አይደለም።

ባለ ቪትዙ

ባቲ ሲባል እናቴ ሰማች። ሞሰብ ትፈልጋለች። ቪትዝ ውስጥ የት እንደምናስቀምጠው እንጃ፤ ምናልባት ጭኔ ላይ።