ፎኒክሴን ሞተር ላስገጥምለት ወይስ ከነሞተሩ የተሠራ ልግዛ?

ዓሣ ቤት (ጠያቂ)
እንደምን ዋላችሁ። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በሳይክል ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እወርድና 20 ኪሎ ያህል ቆሮሶ ከኋላ ጭኜ እመለሳለሁ፤ ደርሶ መልሱ 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐዋሳ ሜዳ ናት ይባላል፣ ባዶውን ለሚነዳ ልክ ነው። ከሐይቁ ጭነት ይዞ ለሚወጣ ግን ያቺ ለዓይን የማትታይ ዳገት ጉልበት ላይ ትታወቃለች። 54 ዓመቴ ነው። ሳይክሌ አሮጌ ፎኒክስ ነው፣ ያ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራው። አንዱ ባለሙያ ሞተርና ባትሪ ልግጠምልህ ይለኛል። ሌላው ልጅ ደግሞ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሳይክል ይሸጣል፤ ባትሪው 48 ቮልት 12 አምፔር፣ ሊቲየም ነው፣ አንዴ ከሞላ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኛል። የቱ ይሻለኛል?

ሳይክል ሰሪው
ጋሼ፣ ፎኒክሱን ይተዉት። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ሞተር ይሸከማል፤ ጉዱ ማቆሙ ላይ ነው። ክረምት ላይ ቸርኬው ሲርስ ያ ፍሬን እንዴት እንደሚንሸራተት ከኔ በላይ ያውቁታል። ቀስ ብለው ሲሄዱ እግርዎን መሬት ላይ ጣል አድርገው ያመልጣሉ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ከነዓሣው ግን አይሞከርም። ደግሞም ብዙ ኤሌክትሪክ ሳይክሎች የፍሬኑ እጀታ ገና ሲነካ ሞተሩን የሚያጠፋ ማጥፊያ አላቸው፤ በዘንግ ፍሬን ላይ እሱን መግጠም ጣጣ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ አስገጥሞ የኋላው ዳዶ ላልቶበት የሞተሩ ዘንግ ከቦታው ወጥቶ ዞረ፣ ሽቦውን እንደ ጥጥ ፈትሎት ነው ያመጣልኝ። ከገዙም በየሳምንቱ ዳዶውን በቁልፍ ያጥብቁ፣ ራጂውንም (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦ) በጣት ነካ ነካ ያድርጉ። ጭነትና ሞተር የኋላ ጎማ ላይ ሲደራረቡ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው።

ባለ ባጃጅ
ጋሼ ባጃጅ ይያዙና ዓሣውን ከጎን አስቀምጠው ይምጡ 😄

ዓሣ ቤት
የባጃጅ ሒሳብ ቢያዋጣኝማ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ ልጄ!

ፊዚክስ መምህር
ጋሼ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያለው ልጅ ሒሳብ አልተማረም። 12 አምፔር ያለው አምፔር ሰዓት ነው። 48 በ12 ሲባዛ 576 ዋት ሰዓት ይሆናል። ፔዳል ሳይመቱ በጭነት ሲነዱ በኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ቢበላ ጨርሶ እስኪሞት 38 ኪሎ ሜትር ነው። ፔዳሉን እያገዙት ከሄዱ ፍጆታው ወደ 10 ሊወርድ ይችላል፣ ያኔም ቢሆን 100 አይገባም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሊቲየም መሆን አለመሆኑ ነው። ሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ያለው ከባዱ ዓይነት) ከሆነ ከግማሽ በታች ባወረዱት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ የሚተማመኑበት 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእርስዎ መንገድ 18! ያውም ባትሪው አዲስ ሲሆን። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ሞልቶ ቆሞ ሳለ ይለኩት፣ ከዚያ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ድጋሚ ይለኩ። ቆሞ 51 አሳይቶ ሲነዳ ወደ 42 ከወደቀ ባትሪው ደክሟል።

የታቦሯ
እኔ እንጀራ የማደርሰው በኤሌክትሪክ ሳይክል ነው፣ ዓመት አለፈኝ። ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎ ጋሼ፤ ባትሪው ከኋላ መጫኛው ሥር ከሆነ የዓሣው ውሃ እየተንጠባጠበ ይገባበታል። ዓሣውን ክዳን ባለው ባልዲ ያድርጉት። ሲያጥቡም በጎማ ውሃ አይርጩበት፣ በጨርቅ ይጥረጉት።

መብራት ሲቆራረጥ ቻርጀሩን ይንቀሉት፣ ከመጣም በኋላ ትንሽ ቆይተው ይሰኩ፤ አንድ ቻርጀር የተቃጠለብኝ እንደዚያ ነው። ከጎረቤት ቻርጀር መዋስ የለም፤ የሊድ አሲዱ ለሊቲየም አይሆንም። የምትተኙበት ክፍል ውስጥም ሌሊት ሰክተው እንዳይተዉት አደራ።

ዓሣ ቤት
ተባረኩ። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ለማንሳት ስሞክር ወገቤ ነው የነገረኝ። ክዳኑን ክፈተው ስለው ልጁ ቁልፉ ጠፍቷል አለ፣ ዞር ብዬ ልሄድ ስል ቁልፉ ከኪሱ ተገኘ። ውስጡ አራት ጥቁር ሳጥን በሽቦ ተያይዟል፣ እያንዳንዳቸው ላይ 12 ቮልት ተጽፏል።

ፊዚክስ መምህር
አለቀ፣ ሊድ አሲድ ነው። አራቱ ብቻ 16 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ።

ሳይክል ሰሪው
ሌላ ዓሣ ጭነው ሊዞሩ ነበር ማለት ነው ጋሼ።

ዓሣ ቤት
ትቼው መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ባለ ዲስክ ፍሬን ሳይክል ለማየት እሄዳለሁ፣ አሁን ግን ሳላየው ሊቲየም ነው አልልም። መምህር፣ ቴስተርህን ይዘህ ብትመጣልኝ ምሳ ዓሣው በኔ ነው።