የባሕር ዳርቻ ውሎ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ፍሎሪዳ ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበር አባላት ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ለጊዜው ይህን ያህል ነው፦ «አባላት አዲስ ዓመትን በመስከረም መጀመሪያ በፎርት ዴ ሶቶ የባሕር ዳርቻ መናፈሻ በጋራ ያከብራሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ምግብ በየቤቱ ይዘጋጃል።» ያልጣማችሁን ጻፉ። እሑድ ማታ አጠቃልዬ ለሥራ አስፈጻሚው እልካለሁ።

አባል ከብራደንተን፦
በቦታው እስማማለሁ፤ በወሩ ግን አልስማማም። አደይ አበባ እዚህ የለም፤ በሴፕቴምበር ያለው ወበቅ፣ የከሰዓት መብረቅና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2024 አውሎ ነፋሶቹ ሄሊን በሴፕቴምበር 26፣ ሚልተን በኦክቶበር 9 ሲመጡ የት እንደነበርን ሁላችንም እናውቃለን። ኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ይሁን። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በይፋ የሚያበቃው ኖቬምበር 30 ቢሆንም ኃይሉ ያኔ ይቀንሳል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። የነቢያት ጾም ገና ስላልገባ የምግቡ ነገርም አያከራክረንም።

አባል ከቴምፓ፦
ታዲያ አዲስ ዓመት ሊቀርብን ነው? ልጆቻችን «አበባየሆሽ» የሚሉት በዓመት አንዴ ነው።

ጸሐፊ፦
አይቀርም። እንደ ልማዳችን በአዳራሽ እናከብረዋለን፤ ይህኛው ራሱን የቻለ ውሎ ይሆናል።

የአረጋውያን ተጠሪ፦
እናቶቻችን የሚፈሩት ባሕሩን ሳይሆን አሸዋውን ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በነጠላ ጫማ ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጠው ውኃው ዳር አይደርሱም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ድስት ሲጠብቁ ይውላሉ። መናፈሻው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አስፋልት የለበሰ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለው። ከመኪና ማቆሚያውና ከዚህ መንገድ የማይርቅ መጠለያ እንከራይ።

ደግሞ ወፎቹን ማን ያሳያቸው? ከዝዋይ የመጡ አንዲት እናት ፔሊካኑ ክንፉን አጥፎ በአፍጢሙ ውኃው ውስጥ ሲወረወር አይተው «ወይኔ፣ ሞተ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ዓሣውን በከረጢቱ ይዞ ብቅ ሲል መቀመጫቸውን ወደ ውኃው አዙረው እስከ ማታ አልተነሡም። የዝዋዩ ነጭ ፔሊካን እየዋኘ ነው የሚያጠምደው፤ የእዚህ አገሩ ቡናማ ግን ከአየር ላይ ይወረወራል።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እውነቱን ለመናገር የእስካሁኑ ውሎአችን ሁሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ በልቶ መመለስ ነው፤ ያንንማ ቤታችንም እናደርገዋለን። ጠዋት በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ታንኳ እንቅዘፍ፤ ከዚያ በመናፈሻው ያለውን የድሮ ምሽግ እንጎብኝ። መሠራት የጀመረው በፈረንጆች 1898 ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። መድፎቹ ዛሬም አሉ፤ በጠላት ላይ ግን አንድም ጊዜ አልተተኮሱም።

ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ ፈቃድ ያውጣ። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ የፍሎሪዳ ነዋሪ በነፃ ይሰጣል፤ ቢሆንም ሳይያዝ አይቻልም። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አያስፈልጋቸውም። ከምሳ በፊት ለአንድ ሰዓት ደግሞ ተበጥሶ የተጣለ የመንጠቆ ክር እንልቀም። ያ ክር የፔሊካን ክንፍ ላይ ሲጠመጠም መጨረሻው ሞት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
«ልጆች ይዋኛሉ» የሚለው ይታረም። ስንቶቻችን ወላጆች ነን መዋኘት የምንችለው? ልጆቹ የሚገቡት በሰሜኑ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውኃ ብቻ ይሁን፤ በደሴቶቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ጅረቱ አዋቂም ይወስዳል። መዋኘት የሚችሉ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አስቀምጠው በየግማሽ ሰዓቱ እየተቀያየሩ ይጠብቁ። ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲሄዱ እግራቸውን ሳያነሡ መሬቱን እየዳበሱ ይሂዱ፤ አሸዋ ውስጥ የሚደበቀው ጠፍጣፋ ዓሣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ አለው፤ የእግር ንዝረት ከተሰማው ግን ራሱ ይሸሻል።

ገንዘብ ያዥ፦
የመጠለያውን ኪራይ ማኅበሩ ይክፈል። የመኪና መግቢያና የመንገድ ክፍያ ስላለ በየቤተሰቡ ከመምጣት ተዳብሎ መምጣት ይሻላል። በካውንቲው መናፈሻዎች መጠጥ ክልክል ነው፤ ጠጁ ቤት ይቆይ። ለሙስሊም ወገኖቻችን የሚሠራው ሥጋ በራሱ ድስት፣ በራሱ ጭልፋ ይሁን፤ ባለፈው ጭልፋው ተቀላቅሎ አዝነው ነበር።

አባል ከቴምፓ፦
ራኩን የሚባሉትን ሌባ የዱር እንስሳት እንዳትረሱ! ጀርባችሁን ስትሰጡ የምሳ ዕቃ ክዳን ይከፍታሉ። ዶሮ ወጡ መኪና ውስጥ ይቆይ።

አንዲት መምህርት፦
ማናቲ የሚባሉት ትልልቅ የውኃ እንስሳትስ? አፖሎ ቢች የሚገኘው መመልከቻ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ክፍት ይሆናል። እንስሳቱ ወደዚያ የሚጎርፉት ግን የባሕሩ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ፣ ከኃይል ማመንጫው የሚወጣውን ሞቃት ውኃ ፍለጋ ነው። በኖቬምበር ብንሄድ ባዶ ውኃ አይተን ልንመለስ እንችላለን። በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ከጥምቀት በኋላ ለልጆቹ ሌላ ቀን ይያዝልን።

ጸሐፊ፦
ተስተካክሎ የሚቀርበው እንዲህ ነው፦

«ማኅበሩ በኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ በፎርት ዴ ሶቶ የአንድ ቀን ውሎ ያዘጋጃል። ለአረጋውያን የሚመች መጠለያ በማኅበሩ ወጪ ይከራያል። ታንኳ፣ የምሽግ ጉብኝትና የክር ለቀማ ከምሳ በፊት ይከናወናሉ። ልጆች ውኃ ውስጥ የሚገቡት ተረኛ ጠባቂ ባለበት ብቻ ነው። ቀይ ማዕበል (በባሕሩ ላይ የሚበዛ መርዛማ አልጌ) ከተከሰተ ሳል ስለሚያስነሣ፣ በተለይ አስም ላለባቸው ሲባል፣ ውሎው በሂልስቦሮ ወንዝ ዳር ወዳለው ሌተስ ሌክ መናፈሻ ይዛወራል። የማናቲ ጉብኝት በጃንዋሪ የመጨረሻው ቅዳሜ ይሆናል።»

መገናኛው ከጠዋቱ 9 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ሦስት ሰዓት ብላችሁ አትከራከሩኝ። በዚያ ወቅት ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ፀሐይ ከ6 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ መናፈሻውም ሲመሽ ይዘጋል።

የአረጋውያን ተጠሪ፦
ተስማምቻለሁ። ቡናው ግን የማን ኃላፊነት እንደሆነ አልተጻፈም። አሸዋው ላይ እሳት ስለማይነድ የሚፈላው በመጠለያው ምድጃ ነው፤ የብረቱ ፍርግርግ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ጀበናው የሚቀመጥበት ምጣድ የሚያመጣ ሰው ስሙን ያስመዝግብ።