ጂኤንኤስ3 ቪኤም «ኬቪኤም፦ ፎልስ» ይላል፤ 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ፣ መጋላና ሳቢያን ላይ ሦስት ቅርንጫፍ እንዳለ አስቤ በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) የማገናኝበት ላብ ልሠራ ጂኤንኤስ3 (ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም) ጫንኩ። ላፕቶፑ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 4 ኮር፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 11 ነው። ቪኤሙን (ራውተሮቹ ውስጡ የሚሠሩበትን ቨርቹዋል ማሽን) በቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮ ሳስነሳው «ቨርቹዋላይዝድ ቪቲ-ኤክስ በዚህ ማሽን አይደገፍም» ብሎ ይቆማል። በፕሮሰሰር ቅንብሩ ውስጥ ያለችውን የቪቲ-ኤክስ (የኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን) ምልክት ሳጠፋት ደግሞ ቪኤሙ ይነሳል፤ ግን ገጹ ላይ «ኬቪኤም፦ ፎልስ» ይላል (ኬቪኤም ቪኤሙ ውስጥ ራውተሮቹን የሚያስኬደው ነው)፣ ራውተሮቹም አይነሱም። ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን በርቷል፤ ታስክ ማናጀርም «ኢኔብልድ» ይላል። ምን ቀረኝ? ለቪኤሙስ ስንት ራም ልስጠው?

ደቻቱ ማዶ
እህቴ፣ ባዮሱ ደህና ነው። ችግሩ ዊንዶውስ ራሱ ሃይፐር-ቪን (የራሱን የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ከሥር እያስኬደ ቪቲ-ኤክስን መያዙ ነው። ቪኤምዌር ከእሱ በላይ ስለሚቀመጥ ቪቲ-ኤክስን ወደ ውስጥ፣ ለጂኤንኤስ3 ቪኤም፣ ማሳለፍ አይችልም። ምልክቷን ማንሳትሽ መልእክቱን ብቻ ነው ያጠፋው፤ መልሰሽ አድርጊያት።

መጀመሪያ አረጋግጪ፦ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ክፈቺና ከታች «ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል» የሚል መስመር ካለ እሱው ነው። ከዚያ በዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሃይፐር-ቪን፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን እና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርምን አጥፊ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ገብተሽ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ»ን አጥፊ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው፤ ሃይፐር-ቪ ጠፍቶ እሷ ብቻ ብትቀር እንኳ ያው ስህተት ይመጣል። በመጨረሻ በአስተዳዳሪ መብት የትዕዛዝ መስኮት ከፍተሽ በ«ቢሲዲኤዲት» «ሃይፐርቫይዘር ላውንች ታይፕ» የሚለውን «ኦፍ» አድርጊውና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የቡት ቅንብር ከመንካትሽ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ዶከር ወይም ደብሊውኤስኤል2 የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ እነሱ መሥራት ያቆማሉ፤ ሲያስፈልጉሽ «ኦፍ»ን ወደ «ኦቶ» መልሰሽ ያጠፋሻቸውን ፊቸሮች ታበሪያለሽ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የደህንነት መከላከያ ስለሆነ ላቡን ስትጨርሺ መልሰሽ አብሪው።

ቀፊራ ኔት
ቨርቹዋልቦክስ ብትሞክሪስ? ነፃ ነው። ራሙንም 6 ጊጋ ብትሰጪው ራውተሮቹ ይፈጥናሉ።

ደቻቱ ማዶ
አቦ፣ 6 ጊጋ አይሆንም! ለዊንዶውስ 2 ጊጋ ብቻ ቀረው ማለት ነው፤ ዲስክ ላይ መገልበጥ ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። 4096 ሜጋ እና 2 ሲፒዩ ይበቃል። ይህን ቁጥር ቪኤምዌር ውስጥ ሳይሆን ጂኤንኤስ3 ፕሪፈረንስስ ውስጥ ነው የምታስገቢው፤ በቪኤምዌር ብትቀይሪው ጂኤንኤስ3 በተነሳ ቁጥር በራሱ ቁጥር ይተካዋል።

ቨርቹዋልቦክስ ከ6.1 ጀምሮ ለኢንቴልም ቪቲ-ኤክስን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ግን ሃይፐር-ቪ እስካልጠፋ ድረስ እዚያም ችግሩ አይለቅም። ከታች አረንጓዴ ኤሊ ከታየ በሃይፐር-ቪ ላይ እየሄደ ነው ማለት ነው። ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮም ከኅዳር 2017 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ስለሆነ የምትቀይሪበት ምክንያት የለም።

የሳቢያኗ
ተባረኩ! ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ነበር የቀረው፤ አሁን «ኬቪኤም፦ ትሩ» ይላል። አዲስ ነገር ደግሞ መጣ፦ ጂኤንኤስ3 «የክላየንቱና የሰርቨሩ ቨርዥን አንድ አይደለም» ይላል። ፕሮግራሙ 2.2.54፣ ቪኤሙ 2.2.49 ነው። ራውተሩስ የትኛው ይሻላል?

አሸዋ ሜዳ
የመጨረሻዋ ቁጥር ሳትቀር መመሳሰል አለባት። ሁለት መንገድ አለ፦ የ2.2.54ን ቪኤም ማውረድ፣ ወይም ፕሮግራሙን አንስተሽ 2.2.49ን መጫን። የቪኤሙ ዚፕ ከ1 ጊጋ በላይ ነው፤ የፕሮግራሙ መጫኛ ግን ትንሽ ስለሆነ ዳታ ለመቆጠብ ሁለተኛው ይሻላል። ትልቁን የምታወርጂ ከሆነ ከተቋረጠበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሚ፤ ሲያልቅም የሃሽ ቁጥሩን (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳየውን መለያ) ከድረ ገጹ ጋር አስተያዪ። መብራት ሄዶ የተቆረጠ ፋይል «ኢምፖርት አልተሳካም» ብሎ ሌላ ችግር ያስመስላል።

ለራውተር ማይክሮቲክ ሲኤችአርን (በቪኤም መልክ የሚሠራ የማይክሮቲክ ራውተር) እመክራለሁ። ለእያንዳንዱ 256 ሜጋ ስጪው፤ ሦስቱ 768 ሜጋ ነው፣ 4 ጊጋው ውስጥ ተዝናንተው ይገባሉ። ያለ ክፍያ የሚሠራው ፈቃድ በየኢንተርፌሱ ወደ ውጭ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ያሳልፋል፤ ለኦኤስፒኤፍ ምንም ችግር የለውም፣ የፍጥነት ሙከራ ግን አትሥሪበት። የዳር ኮምፒውተሮችን በቪፒሲኤስ (ቀለል ያለ አስመሳይ ኮምፒውተር) አድርጊ፤ የሚበሉት ራም ከቁጥር አይገባም። የሲስኮ ምስሎችን በቴሌግራም ከሚዞሩ ፋይሎች አትውሰጂ፤ ፈቃድ የላቸውም፣ ምን እንደተጨመረባቸውም አይታወቅም። የግድ ሲስኮ ካስፈለገሽ ሲኤምኤል (የሲስኮ የራሱ የላብ ፕሮግራም) እስከ 5 ኖድ (መሣሪያ) ድረስ ነፃ አለው።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ሦስቱን ራውተር በአንዴ አታስነሺ፤ አንዱ ቡት አድርጎ ሲረጋጋ ሌላውን። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አታስቀምጪው፤ ሲግል ሲፒዩው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንስና ቪኤሙ የተበላሸ ይመስላል።

የሳቢያኗ
ፕሮግራሙን ወደ 2.2.49 መለስኩት፤ ሦስቱም ተነሱ። ከዚራና መጋላ ፒንግ ይደራረጋሉ፣ የኦኤስፒኤፍ ጎረቤት ግን ባዶ ነው። የሲኤችአሩ ሥርዓት ራውተርኦኤስ 7 ነው።

ደቻቱ ማዶ
የ6ን መመሪያ እየተከተልሽ ይሆናል፤ እዚያ «ኔትወርክስ» የሚባለው በ7 የለም። በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ኢንስታንስ ከነራውተር አይዲው፣ ለሦስቱም የተለያየ፤ ከዚያ ኤሪያ፣ አይዲው 0.0.0.0፤ ከዚያ «ኢንተርፌስ ቴምፕሌት» ፍጠሪና ኤሪያውንና ኢንተርፌሱን ምረጪበት። ቴምፕሌት ከሌለ ራውተሩ ሄሎ (ጎረቤት የሚፈልግበትን መልእክት) አይልክም፣ ስለዚህ ፒንግ እያለፈ ጎረቤት አይታይም። ጎረቤቱ መጥቶ «ኤክስስታርት» ላይ ከቆመ ደግሞ የሁለቱን ጫፍ ኤምቲዩ (ትልቁን የፓኬት መጠን) አስተያዪ።

የሳቢያኗ
ቴምፕሌቱ ነው የጎደለው። አሁን ሁለቱም «ፉል» ይላሉ፤ ሳቢያንን ልጨምር ነው።