የአይቲዩንስ ኤልፒ አልበሜ ይከፈታል፣ ግን አይዘፍንም

በ2010 እ.ኤ.አ. በስጦታ ካርድ የገዛሁት የፖፕ አልበም አለኝ። ተራው ሳይሆን የአይቲዩንስ ኤልፒ እትሙ ነው። ይህ የእትም ዓይነት በሴፕቴምበር 2009 ከአፕል የሙዚቃ ፕሮግራም ከአይቲዩንስ 9 ጋር የመጣ ነው። ግጥሙን፣ ፎቶውንና ቪዲዮውን እንደ ድሮ ሸክላ ሽፋን እያገላበጡ የሚያዩበት ነገር ነበር። ዛሬ አዲስ አይወጣም፤ ስለዚህ እሳሳለታለሁ።

አምና የአሮጌው ላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። የአይቲዩንስ ላይብረሪዬም፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው የዘፈን ክምችቴ፣ አብሮ ሄደ። የተረፈኝ በፍላሽ የገለበጥኩት ብቻ ነው፦ 14 ዘፈኖች በኤም4ኤ፣ እና ስሙ በ«አይቲኤልፒ» የሚያልቅ አንድ ፎልደር።

አሁን የምጠቀመው ዊንዶውስ 10 ነው። ፎልደሩ ሲከፈት ውስጡ ያው ድረ ገጽ ነው፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት። «ኢንዴክስ» የሚለውን ፋይል በብራውዘር ስከፍተው ዋናው ገጽ ይመጣል። ግጥሞቹ ይነበባሉ፣ ፎቶዎቹም ይታያሉ። ማጫወቻውን ስነካው ግን ጭጭ! እንደገባኝ ከሆነ፣ ገጹ ዘፈኖቹን በመለያ ቁጥር የሚጠራው ከላይብረሪው ነው።

ዘፈኖቹን «ኦዲዮ» ፎልደር ውስጥ ከተትኩ፤ ምንም። ስማቸውን በማኒፌስት ፋይሉ ላይ እንዳለው ቀየርኩ፤ አሁንም ምንም። ጃቫስክሪፕቱን ልነካካ ብዬ ደግሞ ዋናውን ገጽ ራሱን አጠፋሁት። ደግነቱ ኮፒ ነበረኝ።

ዘፈኖቹን ለብቻ መስማትማ እችላለሁ፤ የናፈቀኝ ከነገጹ ነው። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፦ ገጹ ዘፈኖቹን ከላይብረሪ ሳይሆን ከራሱ ፎልደር እንዲያጫውት የትኛውን ፋይል፣ እንዴት አድርጌ ላስተካክል?