«አንድ ጊዜ ከተጫነ አይጠፋም» ስላሉን

የአራዳው፦ ቅዳሜ ደሴ በተደረገው ስብሰባ የአረጋውያኑ ትዝታ የተቀዳባቸው የድሮ ካሴቶች ወደ ዩቲዩብና ቴሌግራም ይግቡ ተባለ። እሺ፣ ይግቡ። አቅራቢው ግን «አንድ ጊዜ ከተጫነ አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ካሴቶቹ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የላቸውም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በ1928 ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ያዩ ሰዎች ድምፅ ነው ቦታ ያዘ የተባለው! ያጨበጨባችሁ እዚህ ካላችሁ አንድ በሉኝ።

ቦርከና፦ አለሁ፤ አጨብጭቤአለሁ፤ ነገም አጨበጭባለሁ። ቴፑ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ነው፤ የሚያጫውተው መሣሪያም ከገበያ ጠፍቷል። የደሴ ጉም ደግሞ ሻጋታውን በነጻ ያበቅልላችኋል። እናንተ ስትከራከሩ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ይሞታሉ።

የአራዳው፦ አይቀዳ ያለ የለም። «አይጠፋም» የሚለውን አስረዳኝ። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰው የጫነበትን ሙዚቃ ሰርቨር ሲቀይር እንዳጠፋው ራሱ አምኗል። የጎግል ማኅበራዊ መረብ የነበረው ጎግል ፕላስም በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። እነዚህ የመንደር ሱቆች አልነበሩም።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦ ሁለታችሁም ቀዳሚውን ሥራ ዘለላችሁት። ካሴት ሳይጨመቅ በዋቭ ፋይል ነው የሚቀዳው። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የድምፅ ጥራት ከሆነ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ዩቲዩብ ለአድማጭ የሚያቀርበው የተጨመቀውን ነው፤ ስለዚህ ዋናው ቅጂ በእጃችሁ ካልቀረ ምንም የላችሁም። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከደሴ ውጭ ይቀመጥ።

ቦርከና፦ ከደሴ ውጭ ከተባለ ኮምቦልቻ አለች። እኛ ዘንድ ፀሐይ ይወጣል።

የአራዳው፦ በ2014 ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን መያዛቸውን ፀሐዩ አስረሳህ? የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ኮምቦልቻ ሆና ልታድነው ነበር?

ቦርከና፦ ተባረክ፣ ለእኔ ተከራከርክልኝ! ያኔ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ቢሆን ኖሮ የትኛው ዘራፊ ይደርስበት ነበር?

የአራዳው፦ ዘራፊው አይደርስበትም፤ እኛም አንደርስበትም። ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቀመጥ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው የደሴውን የሰኞ ገበያ ታሪክ ይሰማ ነበር፤ ሰኞ ገበያ ያለው ሰው ግን አይሰማም። አይጠፋም ማለት ለማን ነው?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ልጆቼ፣ እናንተ ይጠፋል አይጠፋም ትባባላላችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ አለመጥፋቱ ነው። ስለ 1965 እና 66ቱ ረሃብ ስንቀዳ አብሬ ነበርሁ። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ለየትኛው ቂጣውን እንደሰጠች ተናገረች። የተረፈው ልጅ ዛሬ አያት ነው፤ ይህን አያውቅም። ጎተራ የዘጋባትን ሰውም በስም ጠርታለች። «ለትምህርት ቤቱ ነው» ብለናት እንጂ ዓለም ይስማው ብለናት አይደለም። አሁን የልጅ ልጁ ስልክ ላይ እናውጣው?

ቦርከና፦ እትዬ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ያ ረሃብ እኮ የከፋው ስለተደበቀ ነው። ጎተራ የዘጋ ሰው ስሙ ቢነሣ ማን ይጎዳል?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ የደበቀው መንግሥት ነው፤ እሷ አይደለችም። የመንግሥትን ዕዳ በእሷ ላይ አትጫኑ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦ ለዚህ መፍትሔ አለው። ድምፁ ይቀዳል፣ ለሕዝብ ግን አይከፈትም፤ መጥቶ የጠየቀ ተመራማሪ ፈርሞ ያዳምጣል። ቴሌግራም ላይ ግን አንዴ ከተለቀቀ ማን ፈርሞ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ስብሰባው ላይ ስሙን ያነሣ ሰው ነበር?

የአራዳው፦ ጭብጨባ ላይ ነበሩ።

ሐድራ፦ የመንዙማዎቹን ካሴቶች የረሳችሁ መሰለኝ። ወላሂ፣ ሶለዋቱ (ለነቢዩ የሚወርደው ውዳሴ) መሀል ላይ የማስታወቂያ ጭፈራ እንዲገባ የሚፈቅድ ካለ እጁን ያውጣ። ሼኾቹ ሲያዜሙ ለቀጂው ሰው የሰጡት ዱዓ ነው እንጂ የንግድ ፈቃድ አይደለም።

ቦርከና፦ ማስታወቂያውን ማጥፋት ይቻላል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦ ሁልጊዜ በባለ ገጹ እጅ አይደለም። አንተ ገንዘብ ባትጠይቅም ዩቲዩብ በራሱ ማስታወቂያ ሊያስገባ ይችላል።

የአራዳው፦ የቢራ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ ቦርከና ያስተናግደን።

ቦርከና፦ ደሴ ላይ የሚጠጣው ከየት የመጣ መሰለህ? ለማንኛውም አረጋውያኑን ወደ ቢራ የወሰድካቸው አንተ ነህ። እትዬ፣ የዚያች እናት ካሴት ይቅር፤ ሌሎቹን ምን አጠፉ ብላችሁ ነው የምታስሯቸው?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ሌሎቹን አዳምጠሃቸዋል?

ቦርከና፦ ተጭነው ቢሆን አዳምጣቸው ነበር!